ቫይረስ ደም መፍሰስን እንዴት ያድናል? የዚህ ምርምር ሙያስ ከደሴ ይጀመራል ወይ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ በባዮሎጂ ተመርቄ ደሴ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የእህቴ ልጅ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ በስንት መከራ ተረፈ። አዲስ አበባ ወስደነው ሄሞፊሊያ ቢ ነው አሉን። በቫይረስ አማካይነት ጂን አስገብተው በአንድ መርፌ የሚያድኑ አሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እኔስ በዚህ ሙያ ተመራማሪ ልሁን ብል ከየት ልነሳ? ጓደኞቼ ‹ከወሎ ተነስተህ ጂን ቴራፒ?› እያሉ ይስቁብኛል።»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይሳቁ። ከልጁ ልጀምር፤ ሙያው ይደርሳል።

የልጁ በሽታ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው። ስንቱ ወንድ ልጅ ግርዛት ላይ ወይም የወተት ጥርሱ ሲነቀል ደሙ ፈስሶ የበሽታው ስም ሳይታወቅ ቀርቷል። ከእንግዲህ አንድ ነገር ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ፦ ክሊኒክ በሄደ ቁጥር መቀመጫው ላይ ዲክሎፌናክ እንዳይወጉት። የጡንቻ መርፌ ጡንቻው ውስጥ ደም ያቁርበታል፤ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ በክኒንም ቢሆን መድማቱን ያብሱበታል። ጉልበቱ ወይም ክርኑ ካበጠ «ወለም ብሎት ነው» ተብሎ ወጌሻ ዘንድ አይወሰድ። መገጣጠሚያው ውስጥ እየደማ ስለሚሆን መታሸቱ ያባብሰዋል። ጥርስ ከማስነቀሉም ሆነ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊት ፋክተር 9 (ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን፣ እሱ የጎደለውን ፕሮቲን) መውሰድ አለበት። አገራችን ውስጥ ያለው ፋክተር በአብዛኛው በዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ርዳታ የሚገባ ስለሆነ በየፋርማሲው ፈልጋችሁ አታገኙትም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሄሞፊሊያ ታማሚዎች መዝገብ ላይ ስሙ ይኑር፤ ካርዱን ሁልጊዜ ይያዝ።

እህትህም ትመርመር። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። እናት ተሸካሚ ከሆነች የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይሁንና ከሦስት ታማሚዎች የአንዱ ያህሉ ቤተሰብ ውስጥ ምንም ታሪክ አይገኝም፤ ለውጡ አዲስ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ቡና ላይ ተቀምጦ «ከእናቱ ዘር ያመጣው ነው» የሚል አማት ካለ አደብ ይግዛ።

አሁን ወደ ቫይረሱ። የሰማኸው እውነት ነው። ሄምጀኒክስ የተባለው የሄሞፊሊያ ቢ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ በ2022 ተፈቅዷል (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በደም ሥር አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሲወጣ የተተመነለት ዋጋ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ አዎ፣ በትክክል አንብበኸዋል። የተፈቀደው ለአዋቂ ብቻ ነው። ቫይረሱ ይዞት የሚገባው ጂን በአብዛኛው ከሴሉ ክሮሞሶም ጋር ሳይዋሃድ ለብቻው ይቀመጣል። የሕጻን ጉበት ደግሞ እያደገ ነው፤ ሴሎቹ በተከፋፈሉ ቁጥር ጂኑ እየሳሳ ይሄዳል። የእህትህ ልጅ እስኪያድግ ጊዜ አለ፤ እስከዚያ ነገሩም ዋጋውም የሚቆምበት አይታወቅም።

የዚህ ቫይረስ ታሪክ ራሱ ስለ ሙያው ብዙ ይናገራል። በ1965 ፒትስበርግ ውስጥ ሮበርት አቺሰንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን አዴኖቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት በትልልቆቹ መሀል ጥቃቅን ቅንጣቶች ተበትነው አገኙ። በንጹሕ ናሙና ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ይመስል ነበር። ሲያጠኑት ለካ ሌላ ቫይረስ ካላገዘው የማይራባ፣ ሰው ላይም የሚታወቅ በሽታ የማያመጣ ቫይረስ ኖሯል። ዛሬ ኤኤቪ (የአዴኖቫይረስ አጃቢ ቫይረስ) እንለዋለን። በሽታ የማያመጣ ቫይረስ ለሐኪም ምን ይፈይዳል? በዚያ ዘመን ምንም። እሱን ይዘው የቆዩት ቫይረስ እንዴት እንደሚራባ ለማወቅ የሚጓጉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ኋላ መላው ሙያ የቆመው ግን በእነሱ ሥራ ላይ ነው።

ኤኤቪ ውስጡ 4,700 ያህል ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ገመድ አለ። የራሱን ጂኖች አውጥተህ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን 145 ፊደላት የያዙ ቁራጮች ብቻ ትተዋለህ፤ መሀሉ ላይ የምትፈልገውን ጂን ታስገባለህ። የሐረጎን ዳገት የምትወጣ አህያ ከልኳ በላይ ስትጫን እንደምትተኛው፣ እሱም ከልኩ ብዙ ያለፈ ጭነት አይሸከምም። ፋክተር 9ን የሚሠራው የጂን ክፍል 1,400 ገደማ ፊደላት ስላሉት ተመችቶት ይገባል። ዱሼን የሚባለውን የጡንቻ መክሰም የሚያስከትለው የዲስትሮፊን ጂን ግን ፕሮቲኑን የሚጽፈው ክፍል ብቻ 11,000 ይደርሳል፤ ተቆራርጦ ካልሆነ አይታሰብም። ሄሞፊሊያ ቢ ቀድሞ የተሞከረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው፣ ከጤነኛው መጠን ጥቂት በመቶ ብቻ ፋክተር ብታስገኝ እንኳ የታማሚው ሕይወት መለወጡ ነው። ከዜሮ ወደ 5 በመቶ የወጣ ሰው ያለ ምክንያት መድማቱ ይቀርለታል።

ሙያው ምን ይመስላል ላልከው፣ የአንዲት ሴት መንገድ ላሳይህ። ካትሪን ሃይ የደም ሐኪም ነች። በ1989 ሰሜን ካሮላይና ሳለች ከባልደረቦቿ ጋር፣ ሄሞፊሊያ ቢ ያለባቸው ውሾች ፋክተር 9 ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ መገኘቷን አሳተመች። አንዲት ፊደል፣ በውሻ ላይ። ለዚያ ግኝት ያኔ ጋዜጣ የሚጮኽ አይመስለኝም። ነገር ግን የጂን ሕክምና የሚሞከርበት እንስሳ በእጇ ገባ። ከዚያ ወደ ፊላደልፊያ የሕጻናት ሆስፒታል ተዛውራ ኤኤቪን ያዘች። በ1999 ውሾቹ ላይ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ውጤት ታየ።

በዚያው ዓመት መስከረም፣ በዚያችው ፊላደልፊያ፣ ጄሲ ጌልሲንገር የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በሌላ የጂን ሕክምና ሙከራ ሞተ። የእሱ በሽታ የጉበት ነበር፤ የተሰጠውም ኤኤቪ ሳይሆን አዴኖቫይረስ ነው። ሰውነቱ ቫይረሱን ሲዋጋ ያስነሳው ቁጣ ነው የገደለው። ሙያው በሙሉ ለዓመታት ቀዘቀዘ፤ ገንዘብ ጠፋ፤ ተማሪዎች ወደ ሌላ ዘርፍ ሸሹ። የሃይ ቡድን በቫይረሱ ዓይነት ልዩነት ቢኖረውም የመጣው ጥርጣሬ ለሁሉም ተረፈ።

እስቲ በደንብ ተመልከተው የምልህ ቀጥሎ የመጣውን ነው። ቡድኑ ቬክተሩን፣ ማለትም ጂኑን የተሸከመውን ኤኤቪ፣ በጉበት የደም ሥር በኩል ለሰው ሰጠ፤ ውጤቱም በ2006 ታተመ። ከፍተኛውን ዶዝ በወሰደ ታማሚ ፋክተር 9 ከ10 በመቶ በላይ ወጣ። ውሻው ላይ እንደታየው ይቀጥላል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ መውረድ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የጉበት ኢንዛይሙ፣ የጉበት ሴል መጎዳቱን የሚጠቁመው፣ ጥቂት ከፍ አለ። ሰውየው አላመመውም፤ ቢጫም አልሆነ። ፋክተሩ ግን ወደነበረበት ተመለሰ። ውሻ ላይ ያልታየ፣ ጦጣ ላይም ያልታየ ነገር ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልሠራም» ብሎ ይዘጋዋል። እነ ሃይ ግን የታማሚውን ደም ይዘው ቲ ሴሎቹን፣ በቫይረስ የተያዘ ሴል እያደኑ የሚገድሉትን የመከላከያ ሴሎች፣ መረመሩ። ሴሎቹ የሚያጠቁት አዲሱን ፋክተር 9 አልነበረም፤ የቫይረሱን ቅርፊት እንጂ። ሰው ኤኤቪን በልጅነቱ ስለሚያገኘው ሰውነቱ ያስታውሰዋል፤ ቅርፊቱን የተሸከመውን የጉበት ሴል እየለየ ይገድላል። መፍትሔው ሲገኝ በየሆስፒታሉ ያለ ርካሽ ክኒን ሆነ። የለንደንና የሜምፊስ ተመራማሪዎች በ2011 ስድስት ታማሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት ሲያሳትሙ፣ ኢንዛይሙ ከፍ ማለት ሲጀምር ወዲያው ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ሰጥተው ፋክተሩን እንዳተረፉት አሳዩ። ዛሬ ለሄሞፊሊያ በኤኤቪ የሚታከም ሰው ከሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት የጉበት ኢንዛይሙ ቶሎ ቶሎ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው። ዶዙ በጣም ሲበዛ ግን ስቴሮይድም የማያድንበት ጊዜ አለ፤ በጡንቻ በሽታ ሙከራዎች ላይ ሕጻናት በጉበት ድካም ሞተዋል።

ሌላው አስደናቂ ነገር ከጣሊያን የመጣ ነው። ፓዱዋ ከተማ እግሩ ላይ ደም የረጋበት አንድ ወጣት ሲመረመር የፋክተር 9 መጠኑ ልከኛ፣ ጉልበቱ ግን ከጤነኛ ሰው 8 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጂኑ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በ2009 ታተመ። የጂን ሕክምና ሰዎች ይህን ሲያዩ «ይህንኑ ጂን እንጫን» አሉ፤ በትንሽ ዶዝ ብዙ ፋክተር፣ ትንሽ ዶዝ ደግሞ ለቲ ሴል ትንሽ ዒላማ። በ2017 እነ ሃይ 10 ታማሚዎች ላይ በፓዱዋው ጂን ከጤነኛው አንድ ሦስተኛ የሚሆን ፋክተር ማግኘታቸውን አሳተሙ። ሄምጀኒክስም የሚጭነው ይህንኑ ጂን ነው። እስቲ አስበው፤ በአንድ የጣሊያን ከተማ አንድ ሐኪም «ይህ የደም ውጤት ለምን እንግዳ ሆነ?» ብሎ ስለጠየቀ ነው።

የእነ ሃይ መድኃኒት ቤክቬዝ በሚል ስም በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ፋይዘር ፈላጊው ጥቂት ነው ብሎ ሽያጩን አቆመ። ከ1989 እስከ 2024 አስላው። ወደዚህ ሙያ የምትገባው ለሽልማቱ ከሆነ አሁኑኑ ተመለስ።

የየዕለቱን ሥራም ልንገርህ፤ ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም። ከሰው ኩላሊት የመጡ ሴሎች በሳህን ታሳድጋለህ። ሦስት ዓይነት ክብ ዲኤንኤ ትጨምርባቸዋለህ፦ አንዱ ልትጭነው የፈለግኸውን ጂን፣ አንዱ የቫይረሱን ቅርፊት መሥሪያ፣ አንዱ ደግሞ የአጋዡን ቫይረስ ሥራ የሚተካውን ይይዛል። ሦስት ቀን ትጠብቃለህ። ሴሎቹን ሰብረህ ፈሳሹን እየከበደ በሚሄድ የአዮዲክሳኖል ድርድር ላይ አድርገህ በከፍተኛ ፍጥነት ታሽከረክረዋለህ። ከማሽኑ ስታወጣው ቱቦውን ከጎኑ በመርፌ ወግተህ ከአንዲት ቀጭን ንብርብር ጥቂት ሚሊ ሊትር ትስባለህ፤ መርፌው ትንሽ ከፍ ካለ ባዶ ቅርፊት ትስባለህ፣ ዝቅ ካለ ደግሞ ንብርብሩ ያመልጥሃል። ቀሪው ቀን መቁጠር ነው፦ ጂን የያዘውን በፒሲአር፣ ቅርፊቱን በሙሉ በኤላይዛ ቆጥረህ ስንቱ ባዶ እንደሆነ ታወጣለህ። ባዶው ሕክምና አይሰጥም፤ ቲ ሴል ግን ይቀሰቅሳል። እጅህ ካልረጋና ማስታወሻ መያዝ ከሰለቸህ ይህ ሥራ አይሆንህም። ላብራቶሪ ውስጥ እንደምትሠራ ስትነግረኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወሎ። ብዙ ወጣት የሚጽፍልኝ «ክሪስፐር (ጂን ማረሚያ ዘዴ) ልማር፣ ቬክተር ልሥራ» እያለ ነው። እኔ የምለው ቴክኒኩን ተወውና ጥያቄውን ያዝ። ሃይ ሄሞፊሊያ ቢን ይዛ ነው ቴክኖሎጂ ሲመጣ የተቀበለችው። ቬክተር የሚሠራ ላብራቶሪ ለማቆም ብዙ ገንዘብና የማይጠፋ መብራት ያስፈልጋል፤ ደሴ ላይ ያንን ዛሬ ብትመኝ ጊዜህን ነው የምታባክነው። ከቬክተሩ በፊት ያለው ሥራ ግን ደሴ ላይ ካልተሠራ ቦስተን ላይ ሊሠራ አይችልም። ማን ታመመ? ጂኑ ላይ የትኛዋ ፊደል ተቀየረች? ለየትኛው ኤኤቪ ሰውነቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል?

የመጀመሪያው ነገ ጠዋት የሚጀመር ነው። ሄሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንድ ልደት በአንዱ፣ ሄሞፊሊያ ቢ ከ30,000 በአንዱ ይገኛል፤ ይህ ዘርና አገር ብዙም የማይለይ መጠን ነው። አገራችን ውስጥ የተመዘገበው የዚህ ጥቂቱ ብቻ ነው። ለመጠርጠር የሚያስፈልግህ ኤፒቲቲ፣ ፕላዝማ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካው ምርመራ ነው። ማሽን ባይኖርህ ሙቀቱን 37 ዲግሪ ላይ የሚይዝ የውኃ ገንዳ፣ ሰዓትና ሪኤጀንት ይበቃሃል። ፕላዝማው ላይ ሪኤጀንቱን፣ ጥቂት ቆይተህ ካልሲየም ጨምረህ ቱቦውን እያዘነበልክ የመጀመሪያዋ የረጋች ክር እስክትታይ ትቆጥራለህ። ጤነኛው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይረጋል። የእህትህ ልጅ ዓይነቱ ቱቦ ደቂቃውን አልፎም ውኃ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል ቀላቅለህ ድገመው፤ ጊዜው ከተስተካከለ የጎደለ ፋክተር አለ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሰማያዊ ክዳን ያለው የሲትሬት ቱቦ እስከ ምልክቱ ይሞላ። ሕጻን ላይ ደም እንቢ ሲል ግማሹን ሞልተው ይልኩልሃል፤ ሲትሬቱ ስለሚበዛበት ጤነኛውን ታማሚ ያስመስልብሃል። እንዲህ ያለውን ቱቦ መልሰህ ላከው፤ ነርሷ ብትቆጣም።

ሁለተኛው የፀረ እንግዳ አካል ጉዳይ ነው። ለኤኤቪ ፀረ እንግዳ አካል ያለው ሰው ቬክተሩ ጉበት ሳይደርስ ደሙ ውስጥ ሊያዝበት ይችላል። መጠኑ በቫይረሱ ዓይነትና በአገሩ ይለያያል፤ አፍሪካ ውስጥ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ከፍ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ሄምጀኒክስ የሚጠቀመው ኤኤቪ5 የተባለው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ላላቸውም ተሰጥቶ አብዛኞቹ ላይ ሠርቷል፤ መጠኑ እጅግ ከፍ ባለበት አንድ ታማሚ ላይ ግን አልያዘም። ከባቲ ቆላ እስከ ደላንታ ደጋ ያሉ ልጆች በስንት ዓመታቸው የትኛውን ኤኤቪ ይይዛሉ? ይህ ጥሩ የማስተርስ ጥናት ነው፤ የሚፈልገውም ሰረም፣ ፍሪዘርና የኤላይዛ ማንበቢያ ነው።

ሕንዶች መንገዱን አሳይተዋል። ቬሎር በሚገኘው የክርስቲያን ሜዲካል ኮሌጅ አሎክ ስሪቫስታቫና ባልደረቦቹ በ2024 ሄሞፊሊያ ኤ ያለባቸውን አምስት ሰዎች በጂን ሕክምና ማከማቸውን አሳተሙ። የተጠቀሙት ሌንቲቫይረስ የሚባል ሌላ የቫይረስ ዓይነት ነው። የደም ግንድ ሴሎችን ከሰውነት አውጥተው፣ ጂኑን ውጭ አስገብተው መልሰው ሰጧቸው፤ በኤኤቪ ላይ ያለ ፀረ እንግዳ አካል እዚህ ጋ አያገባውም። ከዚያ በፊት ግን ለአሥርተ ዓመታት ታማሚ ሲመዘግቡ፣ ምርመራ ሲያስተካክሉ፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሲያካሂዱ ኖረዋል። ቬክተሩ የመጣው በመጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ወሎዬነቴ አይፈቅድልኝም። በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዘር ፈትሸው ላይሲን የተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት ዝርያዎች አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የተሰበሰቡ ናቸው። ገበሬው ግን እሸቱን እየጠበሰ ሲበላው ኖሯል፤ «ወተት በጉንጬ» እያለም ጠርቶታል። ጂኑን ለዓለም ያስታወቀ ሌላ፣ ዘሩን ያቆየ ሌላ። በሰው ደም ላይ ይህ እንዳይደገም ከፈለግህ ናሙና ወደ ውጭ ስትልክ የናሙና ዝውውር ስምምነቱን አንብበህ ፈርም፤ ስምህና የተቋምህ ስም በጥናቱ ላይ እንዲሰፍር ከመላኩ በፊት ተስማማ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አሰልቺ ቢመስልህም ጉልበትህ እሱ ነው።

ትምህርቱን ባጭሩ፦ በሞለኪውላር ባዮሎጂ ወይም በባዮቴክኖሎጂ ማስተርስ ያዝ፤ አዲስ አበባም ጎንደርም ይሰጣል። የመመረቂያ ሥራህን አርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ለመሥራት ሞክር፤ ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌ ተነስቶ የበሽታ መከላከልን ሳይንስ ሲያጠና የቆየ ቤት ነው፣ ቲ ሴል ምን እንደሆነ እዚያ ትማራለህ። ስታቲስቲክስን ችላ አትበል። ለዶክትሬት ውጭ ስታመለክት «ጂን ቴራፒ እወዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ማንም አይመልስልህም። «ደሴ ላይ ይህን ያህል የደም መፍሰስ ታማሚ መርምሬ ይህን አገኘሁ» ብለህ ብትጽፍ ግን በሳምንቱ ይደውሉልሃል።

ለጊዜው ክሊኒካችሁ ኤፒቲቲ ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሠራም ሪኤጀንቱን ማን እንደሚያስመጣ ጠይቀህ ጻፍልኝ። የልጁን የፋክተር 9 መጠን በመቶኛ የሚያሳየውን ወረቀትም ስሙን ሸፍነህ ላክልኝ፤ ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ፋክተሩን ሲደማ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞም በየጊዜው እንዲወስድ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር አለባችሁ።